የአይጡ እግር ስላበጠ ኦቶኢሚዩን አርትራይተስ ያዘው ማለት ይቻላል? ከሀዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሀዋሳ የፋርማኮሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በሲዳማ ገጠር ለቁርጥማት የሚሰጥ አንድ ቅጠል አለ። አክስቴም ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ከተባለች ወዲህ ሐኪም ካዘዘላት መድኃኒት ጋር ትጠጣዋለች። የቅጠሉን ኤክስትራክት በ30 ስዊስ አልቢኖ አይጦች ላይ፣ በ5 ቡድን ከፍዬ ልፈትነው አስቤያለሁ። የኋላ እግራቸውን መዳፍ ግማሹን በካራጊናን፣ ግማሹን በኮምፕሊት ፍሮይንድ አድጁቫንት ወግቼ እብጠቱን በካሊፐር እለካለሁ። በርዕሱ ላይ ‹ፀረ ኦቶኢሚዩን አርትራይተስ› ብዬ ጽፌ ነበር፤ አድቫይዘሬ ‹ኦቶኢሚዩን የሚለውን አውጣው› አሉኝ። እግሩ ካበጠና ኤክስትራክቱ ካጎደለው ምን ቀረው? ኮላጅን የሚባለውን ሞዴልስ ሀዋሳ ሆኜ ልሠራው እችላለሁ?»

ምላሽ፦ አድቫይዘርዎ ልክ ናቸው። ቃሉ ይውጣ፤ ይቆይ ካሉም ሙከራው ይቀየር። አሁን ባለው ዕቅድ ኦቶኢሚዩኒቲ፣ ማለትም የመከላከያ ሥርዓቱ የራስን አካል ማጥቃቱ፣ የሚለካበት አንድም ቦታ የለም።

ከካራጊናኑ እንነሣ። ካራጊናን ከባሕር አረም የሚወጣ የስኳር ሰንሰለት ነው። 1 በመቶ የሆነውን 0.05 ሚሊ ሊትር መዳፉ ሥር ሲወጉት መጀመሪያ ሂስታሚን፣ ሴሮቶኒንና ብራዲካይኒን፣ ቀጥሎ ፕሮስታግላንዲን ይለቀቃል፤ እግሩም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ኦቶኢሚዩኒቲ ግን በሰዓታት አይፈጠርም። አንድ ቲ ሴል (የመከላከያ ሥርዓቱ ነጭ የደም ሴል) የራስን ፕሮቲን ለይቶ እስኪያውቅ፣ እስኪባዛ፣ አንቲቦዲ አምራቹን ቢ ሴል እስኪቀሰቅስና አንቲቦዲ እስኪመረት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ኤክስትራክቱ የካራጊናንን እብጠት ካጎደለ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ሥራ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። ይህ ራሱን የቻለ ውጤት ነው፤ ሌላ ስም ግን አይሰጠው።

የፍሮይንድ አድጁቫንቱ (የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያነሣሣው ቅልቅል) ስሕተት ጠለቅ ያለ ነው፤ ግማሹን ያመጣው ደግሞ ቋንቋችን ይመስለኛል። በአማርኛ ትልቁንም (ራት) ትንሹንም (ማውስ) የላብራቶሪ እንስሳ «አይጥ» እንላለን። ፒርሰን በ1956 የገለጸው የአድጁቫንት አርትራይተስ በትልቁ አይጥ ላይ የሚሠራ ነው፤ በተለይ ሉዊስ በሚባለው ዘር። እሱ ላይ አንድ መርፌ ብቻ ተሰጥቶ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ያልተወጉት እግሮች ሳይቀሩ ያብጣሉ፤ ቲ ሴልም ዋና ድርሻ አለው። ያንኑ መርፌ ለትንሹ አይጥ፣ የእርስዎ ስዊስ አልቢኖ ለሆነበት ዓይነት፣ ሲሰጡት በአብዛኛው የሚያብጠው የተወጋው መዳፍ ብቻ ነው። የሞተ የነቀርሳ ባክቴሪያ በዘይት ተበትኖ አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ ሰውነት ያንን ባዕድ ነገር ከብቦ ሲታገል ያበጠ ሥጋ ነው የሚለኩት። መገጣጠሚያው የራሱን ፕሮቲን ስላጠቃ አይደለም። በሁለቱ እንስሳት ላይ የተጻፉ ዘዴዎች እንደ አንድ ተገልብጠው በብዙ ፕሮፖዛል ላይ ይታያሉ። ዘዴውን የወሰዱበትን ጽሑፍ እንደገና ይክፈቱና የትኛው እንስሳ እንደሆነ መጀመሪያ ይመልከቱ።

ታዲያ ኦቶኢሚዩን አርትራይተስ ለማለት ምን መታየት አለበት? ጥቃቱ የተነጣጠረበት የራስ ፕሮቲን መታወቅ አለበት። በዚያ ፕሮቲን ላይ የተነሣ አንቲቦዲ ወይም ቲ ሴል በእንስሳው ውስጥ መገኘት አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ያንን አንቲቦዲ ወይም ሴል ወደ ጤነኛ እንስሳ ሲያዛውሩት በሽታው አብሮ መዛወሩ ነው። የላብራቶሪ አይጥ ዋጋው እዚህ ላይ ይወጣል፤ ይህን ፈተና በሰው ላይ ማድረግ አይቻልምና።

በጣም ጥርት ያለው ምሳሌ ኬ-ቢኤክስኤን የሚባለው አይጥ ነው። በ1996 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የነበረው የማቲስና የቤኑዋ ቡድን ያገኘው ሲሆን፣ እነዚህ አይጦች ማንም ሳይወጋቸው ገና በልጅነታቸው መገጣጠሚያቸው ያብጣል። በ1999 አንቲቦዲያቸው የሚያነጣጥረው ግሉኮስ-6-ፎስፌት አይሶሜሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም እንደሆነ ታወቀ። ኢንዛይሙ በሁሉም ሴል ውስጥ አለ፤ የሚጎዳው ግን መገጣጠሚያ ነው፤ ምክንያቱም ከካርቲሌጁ (የአጥንት ጫፍን ከሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን) ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ካርቲሌጅ ደግሞ ኮምፕሊመንት የሚባለውን የደም ፕሮቲን ሰንሰለት የሚገታ ጋሻ በገጹ ላይ የለውም። የእነዚህን አይጦች ሴረም (አንቲቦዲ ያለበትን የደም ፈሳሽ) ወስደው ቲ ሴልም ቢ ሴልም ለሌለው አይጥ ሆዱ ውስጥ ቢወጉት በአንድ ሁለት ቀን እግሩ ያብጣል። አንቲቦዲው አንዴ ከተመረተ በኋላ የቀረውን ጥፋት ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴልና ኮምፕሊመንት ይጨርሱታል ማለት ነው። ለእርስዎ ሥራ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው፦ በሽታው ሁለት ምዕራፍ አለው። አንደኛው የመከላከያ ሥርዓቱ የራሱን ፕሮቲን ማጥቃት የሚማርበት ነው፤ ሁለተኛው የተመረተው አንቲቦዲ መገጣጠሚያውን የሚያፈርስበት። ኤክስትራክትዎ የትኛውን እንደሚነካ አስቀድመው ካልወሰኑ ውጤቱን መተርጎም አይችሉም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በ1991 በግሪክ ኮሊያስና ባልደረቦቹ ቲኤንኤፍ የሚባለውን ብግነት ቀስቃሽ የሰው ፕሮቲን ከልክ በላይ የሚያመርት አይጥ ፈጠሩ። ከተወለደ በ3 ወይም በ4 ሳምንቱ ካርቲሌጁን የሚበላና አጥንቱን የሚቦረቡር አርትራይተስ ይይዘዋል። ይህ አይጥ ቲ ሴልና ቢ ሴል እንዳይኖረው ቢደረግም መታመሙን አይተውም። እግሩ አብጧል፣ አጥንቱ ተበልቷል፤ ኦቶኢሚዩኒቲ ግን የለም። «ካበጠ ምን ቀረው» ላሉት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

በኪዮቶ የሳካጉቺ ቡድን በ2003 የገለጸው ኤስኬጂ የተባለው አይጥ ደግሞ ለእንስሳት ቤት ኃላፊዎች ትምህርት ነው። ዛፕ-70 በሚባለው ጂን ላይ አንዲት ለውጥ አለችበት። በጣም ንጹሕ በሆነ ቤት ውስጥ ካደገ አይታመምም፤ የፈንገስ ግድግዳ ስኳር ሲሰጠው ወይም በተራ ቤት ሲያድግ ግን ይታመማል። የጎጆው ንጽሕና፣ የመኖው ሻጋታ፣ የአንጀት ባክቴሪያው ሁሉ ውጤትዎ ውስጥ ገብቶ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ኮላጅኑ ሞዴል። በ1977 በትልቁ አይጥ፣ በ1980 በትንሹ አይጥ ላይ ተገልጿል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ የካርቲሌጅ ዋና ፕሮቲን የሆነውን ዓይነት 2 ኮላጅን ከከብት ወይም ከዶሮ ወስደው ከአድጁቫንት ጋር ለአይጡ ይሰጣሉ፤ አይጡ በዚያ ላይ የሚያመርተው አንቲቦዲ የራሱንም ኮላጅን ያገኛል። ነገር ግን የሚታመሙት አንዳንድ የአይጥ ዘሮች ብቻ ናቸው። ቁራጭ ፕሮቲን አንሥቶ ለቲ ሴል የሚያሳየው ሞለኪውል በአይጥ ኤች-2 ይባላል፤ ለዚህ በሽታ የሚያጋልጠው በዋናነት ኤች-2ኪው የሚባለው ዓይነት ነው። ዲቢኤ/1 የሚባለው ዘር ይህ አለው፤ በደንብ በተሠራ ሙከራ ከ80 እስከ 100 በመቶው ይታመማል። ሲ57ብላክ/6 የሚባለው ኤች-2ቢ ስለሆነ የዶሮ ኮላጅን ይፈልጋል፤ የሚታመመውም ያነሰና የለዘበ ነው። ስዊስ አልቢኖ ግን ዘሩ ያልጠራ፣ ሆን ተብሎ ተደባልቆ የሚራባ ስለሆነ በአንድ ጎጆ ያሉ ሁለት አይጦች የተለያየ ኤች-2 ሊኖራቸው ይችላል። ግማሹ ቢታመም ግማሹ ጤነኛ ቢሆን ቅጠሉ አዳነው ወይስ ዘሩ አዳነው? መለየት አይችሉም።

ኤች-2ኪው መኖሩም ብቻውን አይበቃም። ኤስደብሊውአር የሚባለው ዘር ኤች-2ኪው ቢኖረውም ለዚህ በሽታ አይመችም፤ ሲ5 የሚባለው የኮምፕሊመንት ክፍል ይጎድለዋል። ዲቢኤ/2 የሚባለውም ሲ5 የለውም፤ ኤች-2ው ደግሞ ሌላ ነው። የግዥ ማዘዣ ላይ 1 ተብሎ ሊጻፍ የሚገባው 2 ተብሎ ቢጻፍ የሁለት ወር ልፋት ይጠፋል። ማዘዣውን ራስዎ ያንብቡ፤ ሌላ ሰውም ያንብበው።

አሠራሩ ይኸውና። ኮላጅኑን በ0.05 ሞላር አሴቲክ አሲድ ውስጥ፣ በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም እንዲሆን፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ እያማሰሉ ያሟሙት። በኃይል አይናጥ። ሦስት ሆኖ የተጠማዘዘው ቅርጹ ሙቀት ሲያገኘው ይፈታል፤ የተፈታ ኮላጅን ደግሞ አርትራይተስ አያመጣም። አድጁቫንቱ ኤች37አርኤ የሚባለውን የሞተ የነቀርሳ ባክቴሪያ በሚሊ ሊትር ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም ሊኖረው ይገባል። ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው 1 ሚሊ ግራም ያለው ነው፤ ለዚህ ሞዴል ይሳሳል። ሁለቱን እኩል በእኩል ያዋሕዱ። 0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ማይክሮ ግራም ኮላጅን ይኖራል፤ ለአንድ አይጥ የሚበቃው ይህ ነው። ለ30 አይጥ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃ ይመስላል፤ ግን ከመርፌው ግድግዳና ከማያያዣው ጋር ተጣብቆ የሚቀረው ብዙ ስለሆነ 4.5 ሚሊ ሊትር ያዘጋጁ። ለዚህ 4.5 ሚሊ ግራም ኮላጅን ይሄዳል፤ ለሁለቱም ዙር 10 ሚሊ ግራም ይግዙ።

የሥራው ነፍስ ያለችው በማዋሐዱ ላይ ነው። ሁለት የሚቆለፍ አፍ ያላቸው የብርጭቆ ሲሪንጆች ይያዙ፤ በመካከላቸው ባለሁለት አፍ ማያያዣ ይግባ። በበረዶ ላይ አድርገው ከአንዱ ወደ ሌላው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይግፉት። መጀመሪያ እንደ ወተት ቀጥኖ ይፈሳል፤ ቆይቶ ይነጣል፤ ከዚያ አውራ ጣትን እስኪያም ድረስ ይከብዳል። ሲከብድ ተሳካ ብለው እንዳይቸኩሉ። ቀዝቃዛ ውኃ በሞላ ቢከር ላይ አንዲት ጠብታ ይጣሉ። እንደ ለጋ ቅቤ ተሰብስባ ከቆየች ደርሷል። ጫፏ ፈርሶ እንደ ዘይት ወደ ዳር ከተዘረጋች ግን ገና ነው፤ ወደ በረዶው ይመለሱ። የተበተነ ውሑድ የተወጉ አይጦች ብዙዎቹ አይታመሙም፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ ነው። የተለመደው የፕላስቲክ ሲሪንጅ ለዚህ አይመችም፤ ላስቲኩ ዘይቱን ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ይፈናጠራል።

ስለ መፈናጠር ካነሣን፦ መነጽር ያድርጉ። ባክቴሪያው የሞተ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ወይም ጣትዎን ከወጋዎ ግን ለወራት የማይድን ቁስል ሊያመጣ ይችላል፤ በተለይ ቢሲጂ የተከተበ ወይም ነቀርሳ አግኝቶት የሚያውቅ ሰው ላይ። ይህ ደግሞ አብዛኛዎቻችንን ያጠቃልላል።

መርፌው የሚሰጠው ከጅራቱ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ቆዳው ውስጥ ነው። በትክክል ከገባ ቆዳው ነጥቶ ጠጠር ያለ እብጥ ይሠራል፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ከገባ ከቆዳው ሥር ዘልቋል፤ የሚታመሙትም ቁጥር ይቀንሳል። በ21ኛው ቀን ሁለተኛው ዙር ይሰጣል፤ መጠኑ ያው ሆኖ ባክቴሪያ በሌለው አድጁቫንት፣ ከመጀመሪያው ቦታ ትንሽ ፈንጠር ብሎ። መዳፍ መውጋት ፈጽሞ አያስፈልግም። እንስሳው የሚቆምበትን እግር ማቁሰል ነው፤ ልኬትዎንም ያበላሻል፤ ያበጠው ከመርፌው ይሁን ከበሽታው አይለይምና። እግሮቹ ማበጥ የሚጀምሩት ከሁለተኛው ዙር በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይጀምሩም።

ከ8 እስከ 10 ሳምንት የሆናቸው ወንዶች ይመረጣሉ። ወንዶች ግን ይጣላሉ፤ የተነከሰ እግር ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ ነጥብ ይሰጠዋል። ጡት ሲጥሉ ጀምሮ አብረው ያደጉትን አይበታትኗቸው፤ ለቡድን ማመጣጠን ብለው አዲስ ጎጆ ውስጥ አያደባልቋቸው። ዲቢኤ/1 ወንዶች ዕድሜያቸው ሲገፋ አንድ ላይ ከተቀመጡ ሳይወጉም የእግር አርትራይተስ ሊይዛቸው ይችላል። ስለዚህ ምንም ያልተወጋ ቡድን የግድ ይኑርዎት።

እንስሶቹን ከአዲስ አበባ የሚያመጡ ከሆነ መንገዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ሌሊት ተነሥተው የባቱና የሻሸመኔን የቀን ሙቀት ሳይደርስብዎት ሀዋሳ ይግቡ፤ ካርቶኑ አየር ይኑረው፤ በውኃ ጠርሙስ ፋንታ የተቆረጠ ዱባ ወይም ድንች ያስገቡላቸው፤ ጠርሙሱ በመንገዱ መንገጫገጭ ፈስሶ መኝታቸውን ያረጥበዋል። ከደረሱ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን፣ ቢቻል 14 ቀን ሳይነኳቸው ይረፉ። የደነገጠ እንስሳ ኮርቲኮስቴሮን የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ ይህ ደግሞ ራሱ ፀረ ብግነት ነው፣ በሽታውን ያዳፍነዋል። ለፍሪጁ የመብራት መጥፋት መጠባበቂያ ያስቡ። የሟሟ ኮላጅን በከሰዓት የሀዋሳ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከዋለ ይጣል፤ አይቀዝቅዝና እንደገና አይሞከር።

ነጥብ አሰጣጡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ እግር ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፦ አንድ ጣት ብቻ ከቀላ ወይም ካበጠ 1፤ እብጠቱ እየሰፋ ሲሄድ 2 እና 3፤ እግሩ በሙሉ አብጦ ካልታጠፈ 4። የአንድ አይጥ ጣሪያ 16 ነው። ነጥቡን የሚሰጠው ሰው ግን የትኛው ቡድን ኤክስትራክቱን እንደወሰደ ማወቅ የለበትም፤ የተማሪው የራሱ ዓይን ወደሚፈልገው ያጋድላል። ካሊፐሩን በየቀኑ አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳይጫን ይያዘው። ጤነኛው መዳፍ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የአንድ እጅ ጫና ብቻ የ10 በመቶ ልዩነት ይሰጣል።

በቡድን 6 አይጥ አይበቃም። ይቁጠሩት፦ ኤክስትራክት ካልወሰዱት 6 አይጦች 5ቱ ታመሙ፣ ከወሰዱት 6 ደግሞ 3ቱ ብቻ ታመሙ እንበል። ደስ የሚል ውጤት ይመስላል። ነገር ግን ቅጠሉ ምንም ባይሠራ እንኳ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ከ50 በመቶ በላይ ነው። ለዚህ ሞዴል ከ10 እስከ 12 በቡድን ያስፈልጋል። አይጥ ከበዛብዎት ቡድን ይቀንሱ እንጂ በቡድን ያለውን አይቀንሱ።

ሌላው ወሳኝ ነገር ኤክስትራክቱ የሚጀመርበት ቀን ነው። ከመጀመሪያው መርፌ ቀን ጀምሮ ከሰጡ የሚፈትኑት የኮላጅኑ መርፌ በሽታውን እንዳይቀሰቅስ የማገድ ኃይሉን ነው። ሕመምተኛ ግን ወደ ሐኪም የሚመጣው ጣቱ ካበጠ በኋላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አይጥ እግሩ ባበጠ ዕለት ለቡድን ይመደብ፤ ኤክስትራክቱም ያን ዕለት ይጀመር። ብዙ «ፍቱን» የተባሉ ነገሮች በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። መጨረሻ ላይ ሴረም ወስደው በዓይነት 2 ኮላጅን ላይ የተነሣውን አንቲቦዲ፣ በተለይ አይጂጂ2ኤ የሚባለውን፣ በኤላይዛ (አንቲቦዲን በሚለካ የላብራቶሪ ምርመራ) ይለኩ። አንቲቦዲው ሳይቀንስ እብጠቱ ብቻ ከቀነሰ ቅጠሉ የሠራው በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። አንቲቦዲው አብሮ ከቀነሰ ስለ ኦቶኢሚዩኒቲ ለመናገር የመጀመሪያ መብት አገኙ። አይጡ በኤክስትራክቱ ተመርዞ ስለከሳ የቀነሰ እንዳይሆን ግን ክብደቱን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመዝግቡ።

ቲሹው አይቅር። እግሩን በ10 በመቶ ፎርማሊን አንድ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ፒኤቹ 7.4 በሆነ ኢዲቲኤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት አድርገው፣ መርፌ ያለ ችግር እስኪዘልቀው ድረስ ካልሲየሙን ያውጡ፤ ፈሳሹን በየጥቂት ቀኑ ይለውጡ። ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ሴሎቹን ያሳይዎታል፤ የካርቲሌጁን መራቆት የሚያሳየው ግን ቶሉዲን ብሉ ነው። የታመሙት አይጦች ምግብና ውኃ ቀና ብለው መድረስ ስለማይችሉ መኖውን መሬት ላይ ያድርጉላቸው፤ የጠርሙሱ አፍ ረዥም ይሁን፤ ክብደቱ 20 በመቶ የቀነሰ አይጥ ሙከራው አልቆለታል፣ በሥርዓት ይሰናበት። ይህን ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፉት፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይጠይቅዎት።

አጭር መንገድም አለ፦ የተዘጋጀ የፀረ ኮላጅን አንቲቦዲ ቅልቅል ገዝቶ መስጠት፣ በ3ኛው ቀን ኤልፒኤስ (ብግነት የሚቀሰቅስ የባክቴሪያ ግድግዳ ክፍል) ሆድ ውስጥ መውጋት። በቀናት ውስጥ ያብጣል፤ የኤች-2 ዓይነትም ያን ያህል አያግደውም፤ ሲ5 ግን መኖር አለበት። ውድ ነው፤ የሚፈትነውም ሁለተኛውን ምዕራፍ ብቻ ነው። ሰውነት ራሱን ማጥቃት እንዴት እንደሚማር አንድም ነገር አይነግርዎትም።

ሁሉ ተሟልቶ ቢሠራ እንኳ አይጥ ሰው አይደለም፤ ልዩነቱም ተቆጥሮ የሚታወቅ ነው። በሰው ሩማቶይድ አርትራይተስ ዋናው መለያ ሲትሩሊን በሚባል አሚኖ አሲድ በተለወጡ ፕሮቲኖች ላይ የሚነሣው አንቲቦዲ ነው፤ ሕመሙ ከመጀመሩ ዓመታት በፊት ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በዓይነት 2 ኮላጅን ላይ የተነሣ አንቲቦዲ ያለባቸው ሕመምተኞች ጥቂቶች ናቸው። በሰው ከወንድ ይልቅ ሴት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ትታመማለች፤ በዲቢኤ/1 የሚመረጠው ወንዱ ነው። ቲኤንኤፍን መግታት በ1992 በአይጥ ተሳክቶ በዚያው ዓመት በለንደን በፌልድማንና በማይኒ አማካይነት በሰው ላይ ተሞከረ፣ ሠራም፤ የብዙዎችን ሕይወት ቀይሯል። ፒ38 የሚባለውን ኢንዛይም የሚገቱ መድኃኒቶች ግን አይጥን አሻሽለው ሰው ላይ ከሸፉ። ኢንተርሉኪን-17 የሚባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን መግታትም እንዲሁ፤ በአይጥ ጎልቶ ታየ፣ በሩማቶይድ አርትራይተስ ደከመ፣ በሶሪያሲስ አርትራይተስና በአከርካሪው በሽታ ግን ጠቀመ። ኮላጅንን በአፍ መስጠትም አይጥን ተከላከለ፤ ሕመምተኞችን ግን የሚያኮራ ጥቅም አልሰጣቸውም።

ምክሬ ይህ ነው። ባሉዎት 30 ስዊስ አልቢኖ አይጦች ካራጊናኑን ይሥሩ፤ ከእሱ ጋር ለ7 ቀን የሚቆየውን የጥጥ ኳስ ግራኑሎማ (ከቆዳ ሥር በተቀበረ ጥጥ ዙሪያ የሚበቅለውን ሥጋ መለካት) ይጨምሩ፤ ርዕሱንም «ፀረ ብግነት ኃይል» ይበሉት። መዳፍ ላይ የሚወጋውን የፍሮይንድ አድጁቫንት ሙሉ በሙሉ ይተዉት፤ እንስሳውን ያሠቃያል፣ ጥያቄዎንም አይመልስም። ኤክስትራክቱ ካራጊናኑንም ግራኑሎማውንም ካለፈ፣ ዲቢኤ/1 ከሚያራባ ተቋም ጋር በጋራ 4 ቡድን፣ በቡድን 12 የሆነ የኮላጅን ሙከራ ያቅዱ፦ ያልተወጋ፣ ተወግቶ ባዶ ፈሳሽ የወሰደ፣ ተወግቶ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የታወቀ ፀረ ብግነት መድኃኒት የወሰደ፣ ተወግቶ ካበጠ በኋላ ኤክስትራክት የወሰደ። ያ የዶክትሬት ሥራ እንጂ የማስተርስ ጊዜና በጀት የሚችለው አይደለም፤ በማስተርስ ዓመትዎ ውስጥ አይጨናነቁበት።

አክስትዎን በተመለከተ፤ ከአይጥ የሚያገኙት ምንም ዓይነት ውጤት ለእሷ ማዘዣ አይሆንም። ሐኪሟ የሰጣት ሜቶትሬክሴት ከሆነ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ይገድላል። ጉበትን ስለሚነካ የጉበትና የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል፤ ቅጠሉም ጉበት የሚነካ ከሆነ ጉዳቱ ይደራረባል፣ ማን እንዳደረሰውም አይለይም። አንድ ቀን ቲኤንኤፍ የሚገታ መድኃኒት ቢታዘዝላት ደግሞ ተደብቆ የቆየ ነቀርሳ ሊነሣ ስለሚችል አስቀድማ መመርመር ይኖርባታል። መድኃኒቷን በራሷ አታቋርጥ። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ የደረቀውን ቅጠል በላስቲክ ይዛ ትሂድ፤ በቀን ስንት ሲኒ እንደምትጠጣም ለሐኪሟ ትንገራቸው።